14 የሽንት ቤት በር የጎደለው ሕንፃ፦ የሬቪት ስኬጁል የጉዳይ ጥናት

«ኢንጂነር፣ በሩ አልቋል። ሽንት ቤቱ ግን አላለቀም።»

ስልኩን ያነሳሁት ታክሲ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። የደወሉት የእንጨት በር የሚሠሩልን አናጺ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። (አርክቴክት ነኝ ብላቸው አልሰማ ብለውኛል። ሳይት ላይ ወረቀት የያዘ ሁሉ ለሳቸው ኢንጂነር ነው።) በተሰጣቸው ሰንጠረዥ መሠረት 42 የሽንት ቤት በር ሠርተው፣ ቀለም ቀብተው፣ በአይሱዙ አስጭነው አመጡ። ከ1ኛ ፎቅ ጀምረው እየገጠሙ ወጡ። 6ኛ ፎቅ ላይ ሁለት በር እንደገጠሙ አለቀባቸው። ከዚያ በላይ 14 ሽንት ቤት አፉን ከፍቶ ቀረ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። በተለይ ስኬጁል (ሬቪት የተባለው የሕንፃ ዲዛይን ሶፍትዌር ከሞዴሉ፣ ኮምፒውተር ላይ ከተሠራው ሕንፃ፣ ቆጥሮ የሚያወጣው ሰንጠረዥ) ትዝ የሚላችሁ መጨረሻ ላይ፣ ሺት (የሚታተመው የፕላን ወረቀት) ሲዘጋጅ ከሆነ። እኛም እንደዛው ነበርን።

ሕንፃው ጂ+7 ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ። ታች ሱቅ፣ ከ1ኛ እስከ 7ኛ ፎቅ አፓርትመንት፣ በየፎቁ አራት ቤት። ሁለቱ ባለሦስት መኝታ፣ ሁለቱ ባለሁለት። ባለሦስቱ ሁለት ሁለት ሽንት ቤት ነበራቸው፣ ባለሁለቱ አንድ አንድ። በየፎቁ 6፣ በሰባት ፎቅ 42። ሰንጠረዡ ላይ «ዲ3፣ 70 በ210፣ 42 ፍሬ» ተብሎ ሲጻፍ (ዲ3 የሽንት ቤት በሩ መለያ ነው) ቁጥሩ ልክ ነበር።

ከዚያ ባለቤቱ መጡ። «ባለሁለት መኝታው አንድ ሽንት ቤት ብቻ? እንግዳ ሲመጣስ?» ልክ ናቸው፣ ተከራይም ይሄንኑ ይጠይቃል። ከኮሪደሩ ጫፍ ትንሽ ቆርሰን የእንግዳ ሽንት ቤት አስገባን። በየፎቁ ሁለት ተጨመረ። ፕላኑ ተስተካከለ፣ ሳኒተሪው ተስተካከለ፣ ሴክሽኑ ተስተካከለ። ሰንጠረዡን የነካው የለም።

ለምን? የኛ የበር ሰንጠረዥ እኮ ስኬጁል አልነበረም። ስኬጁል የሚመስል ሥዕል ነበር። ከበፊቱ የሥዕል ሶፍትዌር፣ ከአውቶካድ ዘመን ይዘነው የመጣን ልማድ አለ፤ ሌጀንድ (የሥዕል መግለጫ ገጽ) ይከፈታል፣ መስመር ይሰመራል፣ የበሩ ፊት ይቀመጣል፣ ከሥሩ ስፋቱ፣ ቁመቱ፣ ብዛቱ በቴክስት ይጻፋል። ያምራል። ኮንትራክተሩም የለመደው ይሄንን ነው፣ በሩን በሥዕል አይቶ ብዛቱን ያነባል። ግን ያ 42 ከሞዴሉ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በእስክሪብቶ ከተጻፈ 42 በምንም አይለይም። ሬቪት የሚለው ስም ራሱ «ወዲያው አስተካክል» ከሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተቆራርጦ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ገበያ ላይ የወጣው ለዚሁ ነው፣ አንዱን ስትነኩት ሌላው ሁሉ አብሮ እንዲስተካከል። እኛ ደግሞ በዚህ ሶፍትዌር ላይ በር በጣታችን እየቆጠርን እንጽፋለን።

ቢኦኪው (የሥራዎቹን የብዛትና የዋጋ ዝርዝር) የሠራው ኳንቲቲ ሰርቬየር (ብዛት የሚያሰላው ባለሙያ) ፕላኑ ላይ አልቆጠረም፤ ከሰንጠረዡ ወሰደ። አልፈርድበትም። ሰንጠረዥ እያለ ማን በር ሲቆጥር ይውላል? እንዲህ ሆኖ 42 ከሰንጠረዡ ወደ ቢኦኪው፣ ከቢኦኪው ወደ ውል፣ ከውል ወደ ጋሼ እንጨት ቤት ሄደ።

ክፍያው በተሠራው ልክ ስለሆነ የጎደሉት 14 በሮች በውሉ ዋጋ ይሠራሉ። ለባለቤቱ ግን 42 የነበረው 56 ሆነ ማለት የዚያ መስመር ወጪ በሲሶ ጨመረ ማለት ነው። ይሄን ለማስረዳት የተቀመጥንበትን ስብሰባ ባላስታውሰው ደስ ይለኛል። ደግሞ እንጨቱ ሁለተኛ ዙር ሲገዛ ከመጀመሪያው ጋር መልኩ አልገጥም አለ፣ የላይኞቹ ሁለት ፎቆች በር እስከዛሬ ጠቆር ብሎ ይታያል። ቀለም ነው ይላሉ ጋሼ። እንጨቱ ነው።

እንግዲህ ጋሼ የደወሉ ዕለት ማታ ቢሮ ተቀምጠን እውነተኛውን ስኬጁል ሠራን። አምስት ደቂቃም አልፈጀ። ቪው፣ ስኬጁልስ፣ ዶርስ። ታይፕ ማርክ (እንደ ዲ3 ያለው የዓይነት መለያ)፣ ስፋት፣ ቁመት፣ ሌቭል (ፎቅ) እና ካውንት (ብዛት) አስገባን፣ በታይፕ ማርክ ደረደርነው፣ «አይተማይዝ ኤቭሪ ኢንስታንስ» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አነሳን። እሱ ካልተነሳ እያንዳንዱን በር ለየብቻ እየዘረዘረ ገጽ ይሞላባችኋል። ዲ3 ስንት አለ?

62።

አሁን ጉድ ፈላ። ጋሼ በእግራቸው ዞረው የቆጠሩት 56 ነው። እኔም ፕላኑ ላይ በጣቴ ስቆጥር 56 ነው። የእጅ ሰንጠረዡ 14 አጉድሎ ነበር፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ 6 ጨመረ።

ያገኘችው ጁኒየሯ ልጅ ናት። «በፎቅ እንየው እስቲ» አለችና ሌቭልን ሁለተኛ መደርደሪያ አደረገችው። 1ኛ ፎቅ 8፣ 2ኛ 8፣ 3ኛ 8፣ 4ኛ 10። 5ኛም 10፣ 6ኛም 10። 7ኛ 8። ዝርዝሩን መልሳ በተነችውና ከ4ኛ ፎቅ አንዱን መስመር ይዛ «ሃይላይት ኢን ሞዴል» የሚለውን ተጫነች። ፕላኑ ተከፈተ፣ የእንግዳው ሽንት ቤት በር ሰማያዊ ሆነ። በሩን ይዛ ወደ ጎን ሳበችው።

ከሥሩ ሌላ በር አለ።

የእንግዳውን ሽንት ቤት 1ኛ ፎቅ ላይ ሠርተን ወደ ላይ ስንገለብጥ ሦስት ፎቅ ላይ ሁለት ጊዜ ተለጥፏል። ግድግዳ በግድግዳ ላይ፣ በር በበር ላይ። ፕላን ላይ በምንም አይለይም፣ መስመር መስመር ላይ ስለተኛ። ሬቪት ግን ነግሮን ነበር። አንድ ዓይነት ነገር አንድ ቦታ ላይ ሁለቴ ሲቀመጥ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) ያወጣል፣ ዋርኒንጉም «ስኬጁል ላይ በእጥፍ ይቆጠራል» ብሎ በግልጽ ይጽፋል። እኛ ዋርኒንግ ሲመጣ ኤክስ ብለን ማለፍ ነው ሥራችን። ያን ቀን ዝርዝሩን ስንከፍተው ከ300 በላይ ነበር።

ስለዚህ ያን ሌሊት ስኬጁሉን አምነን «62 ነው፣ 20 በር ይሠሩልን» ብንላቸው ኖሮ ጋሼ ስድስት ትርፍ በር ታቅፈው ይቀሩ ነበር። ስኬጁል የሚቆጥረው የተሳለውን ነው፣ የሚገነባውን አይደለም። ብዙ ሰው ሬቪት ካለ ስህተት የለም ብሎ ያስባል። ስህተቱ የትም አይሄድም፣ ስኬጁል የሚረዳችሁ ተደብቆ ከነበረበት አውጥቶ ለማሳየት ነው። ያውም የሚያሳየው በትክክለኛው በኩል ከጠየቃችሁት ብቻ ነው። ድምሩን ብቻ ብናይ 62 ምንም አይነግረንም ነበር። በፎቅ ሲከፋፈል ነው 4ኛ፣ 5ኛና 6ኛ ፎቅ ከጓደኞቻቸው ለይተው የታዩት፤ አንድ ዓይነት መሆን ያለባቸው ፎቆች አንድ ዓይነት ካልሆኑ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

በማግስቱ፣ እጃችን ከገባ አይቀር መስኮቱንም እንየው አልን። በየፎቁ 10 የመኝታ፣ 4 የማድ ቤት፣ 8 ትንንሽ የሽንት ቤት መስኮት አለ፤ 22 በሰባት ፎቅ 154። ስኬጁሉም 154 አለ። ደስ አለን። ለግማሽ ሰዓት ያህል።

የሳሎኑስ? በየቤቱ ሳሎን ላይ ትልቅ የአሉሚኒየም መስኮት አለ፣ 28 ናቸው፣ ከሁሉም ውድ የሆኑት እነሱ ናቸው። ስኬጁሉ ውስጥ አንድም የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ የሳልናቸው በከርተን ዎል (በፍሬም የተከፋፈለ የመስታወት ግድግዳ) ነው። ከርተን ዎል ለመሳል ይመቻል፣ መስመር ትጎትታላችሁ፣ ፍሬሙን ትከፋፍላላችሁ፣ አለቀ። ለሬቪት ግን ከርተን ዎል ግድግዳ ነው። መስኮት ቁጠር ስትሉት ግድግዳ አይቆጥርም፤ እውነቱን ነው። እዚህ አገር ብዙ ቢሮ ይሄንን ያደርጋል፣ ብዙ ቢኦኪው ላይም የሳሎን መስኮት በኋላ ታውሶ በእጅ የሚገባው ለዚህ ይመስለኛል።

ሁለት መንገድ አለ። ወይ የዎልስ (የግድግዳ) ስኬጁል ከፍቶ በታይፕ ማርክ ከርተን ዎሉን ብቻ ማጣራት፣ ወይ እንደገና እንደ መስኮት መሥራት። የሳሎኖቹን እንደ መስኮት ፋሚሊ (የተዘጋጀ የዕቃ ሞዴል) መልሰን ሠራናቸው፣ ምክንያቱም ለአሉሚኒየም ሠሪው መስኮት ናቸው፣ ከሌሎቹ ጋር አንድ ወረቀት ላይ ማየት ይፈልጋል። ታች ያለውን የሱቅ መስታወት ግን በከርተን ዎልነቱ ተውነውና የራሱን ስኬጁል አወጣንለት። ማጣሪያ ስትጠቀሙ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የምታጣሩበት ነገር ፊልድ (ዓምድ) ሆኖ ስኬጁሉ ውስጥ መግባት አለበት። ዓምዱ እንዲታይ ካልፈለጋችሁ መደበቅ ትችላላችሁ፣ መኖር ግን አለበት። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንድ ከሰዓት ፈጅቻለሁ።

የአሉሚኒየም ሥራ የሚለካው በካሬ ስለሆነ ስፋት ሲባዛ በቁመት የሚል የስሌት ዓምድ ጨመርን። እዚህ ላይ ሬቪት ግግም የሚልበት ነገር አለ፤ የዓምዱን ዓይነት «ኤሪያ» ካላላችሁት ቁጥሮቹ አይጣጣሙም ብሎ ይመልሳችኋል። እሺ፣ ኤሪያ አልን። የመኝታ ቤቱ 150 በ120 ነው፣ ብዛት 70፣ ካሬ 1.80። ኳንቲቲ ሰርቬየሩ 1.80ን አይቶ የአንዱ መሆኑ ገባው፣ ባይገባውስ? ዓምዱ እንዲደምር ፎርማቲንግ ውስጥ ገብቶ «ካልኩሌት ቶታልስ» ማለት ያስፈልጋል። ያኔ 126 ካሬ ይላል። ሰባውን መስኮት አንድ መስመር ላይ ሰብስቦ የአንዱን ካሬ ብቻ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ከየትኛውም ስህተት የባሰ ነው፣ ትክክል ስለሚመስል።

ከ300ው ዋርኒንግ አብዛኛው ደግሞ ከማርክ የመጣ ነበር። ሬቪት ላይ ማርክ የአንዱ በር የራሱ መጠሪያ ነው፣ እንደ ሰው መታወቂያ ቁጥር፤ ታይፕ ማርክ የዓይነቱ ነው። አንዱ ልጃችን «ዲ1» የሚለውን ማርክ ላይ እየጻፈ ሕንፃውን ሙሉ ዞሮታል። 28 በር አንድ መታወቂያ ይዞ ይዞራል፣ ሬቪትም ይጮሃል። ማስተካከሉ ራሱ በስኬጁል ነው የተሠራው፣ አንድ ቦታ ተቀምጦ፣ በር በር እየፈለጉ ፕላን ላይ ሳይንከራተቱ። ሞዴሉ ውስጥ ያለውን መረጃ ማረም የሚመቸው ከስኬጁል ነው፣ እሱን ማንም አይነግራችሁም። ጥንቃቄው ደግሞ እዚሁ ነው። ይሄው ልጅ ለአንድ የእንግዳ ሽንት ቤት በሩን ከ70 ወደ 80 ላድርግ ብሎ ስኬጁሉ ላይ 80 ጻፈ። ስፋት ደግሞ የዓይነቱ ነው፣ የአንዱ በር አይደለም። ሬቪት «የዚህን ዓይነት ሁሉ ሊቀይር ነው» ብሎ ጠየቀ፣ ልጁ ኦኬ አለ፣ 56ቱም 80 ሆኑ። በአንዱ ከንትሮል ዜድ ተረፍን። አዲስ ዓይነት አባዝቶ ዲ3ኤ ማለት ነበረበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀየርነው ትልቁ ነገር ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ ስኬጁልን ለሁለት መክፈላችን ነው። አንደኛው ሺት ላይ የሚወጣ፣ ለኮንትራክተር፣ ለአናጺ፣ ለአሉሚኒየም ሠሪ የሚታይ፣ ያማረ። ሌላው ለኛ ብቻ። የኛው ሺት ላይ አይወጣም፣ አያምርም፣ ስሙ በ«00» ይጀምራል፤ ፕሮጀክት ብራውዘር (የሬቪት ማውጫ) ላይ ከላይ እንዲቀመጥ። አንዱ በርን በፎቅ ይከፋፍላል፣ የፎቆቹ ቁጥር እኩል መሆኑን ለማየት። አንዱ ታይፕ ማርክ የሌላቸውን በሮችና መስኮቶች ብቻ ያሳያል፣ ባዶ መሆን አለበት፣ ባዶ ካልሆነ የሆነ ሰው አዲስ ፋሚሊ አምጥቶ ዝም ብሏል ማለት ነው። ከሁሉም የምወደው የክፍሎቹ ነው። ክፍል ተሰርዞ ስሙ ከቀረ «ኖት ፕሌስድ» ይላል፣ ግድግዳው ካልተዘጋ «ኖት ኢንክሎዝድ» ይላል፣ አንድ ቦታ ሁለት ክፍል ካለ «ሪደንደንት» ይላል። ካሬው በሚጻፍበት ቦታ። የመጀመሪያ ቀን ስንከፍተው አንድ መኝታ ቤት ካሬ አልነበረውም፤ ግድግዳው ከኮለኑ ጋር በሦስት ሴንቲ ሳይገናኝ ቀርቶ። ያ መኝታ ቤት የሴራሚክ ስሌት ውስጥ አልገባም ነበር።

የበፊቱን የሌጀንድ ሥዕል አልጣልነውም፣ ኮንትራክተሮች ይወዱታል አልኩ አይደል። የበሩ ፊት አለ፣ ልኩ አለ። ብዛት የሚለውን ሳጥን ግን ሰረዝነው። ብዛት ከስኬጁል ውጪ የትም አይጻፍም።

አዲስ ፕሮጀክት ስንጀምር እነዚህን ስኬጁሎች ከባዶ አንሠራም። ካለፈው ፕሮጀክት ኮፒ አድርጎ አዲሱ ላይ ፔስት ማድረግ ይቻላል፣ ከነፊልተራቸው፣ ከነመልካቸው ይመጣሉ። አሁን ቴምፕሌቱ (አዲስ ፕሮጀክት የምንጀምርበት ፋይል) ውስጥ ከትተናቸዋል። በባዶ ሞዴል ላይ ባዶ ሆነው ይጀምራሉ፣ የመጀመሪያዋ በር ስትገባ መቁጠር ይጀምራሉ።

ከኳንቲቲ ሰርቬየሩ ጋር አሁንም ያልተግባባንበት የኤክሴሉ ነገር አለ። ስኬጁሉ እንደ ጽሑፍ ፋይል ይወጣል፣ ኤክሴል ይከፍተዋል፣ እሱም ይወስደዋል። ይሄ መንገድ መሄጃ እንጂ መመለሻ የለውም። እሱ ኤክሴሉ ላይ አንዱን ቁጥር ሲያስተካክል ሞዴሉ አያውቅም፣ እኛ ሞዴሉን ስንቀይር ኤክሴሉ አያውቅም። ስለዚህ በሩን የሚያርም ሰው ሞዴሉ ላይ ያርም፣ ኤክሴሉ እንደ አዲስ ይወጣ ብለናል። ይስማማል። ከዚያ ኤክሴሉን ያርማል። ስም ስጠራ አይደለም፣ ራሱን ያውቃል።

ሌላው ያልተፈታው ግራና ቀኝ ነው። ቤቶቹ በመስታወት እንደሚታይ ምስል የተገለበጡ ናቸው፣ ስለዚህ ግማሹ በር ወደ ግራ ይከፈታል፣ ግማሹ ወደ ቀኝ። ማጠፊያው ቀድሞ ለሚገጠምበት በር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሬቪት ግን «ይሄ በር የግራ ነው» የሚል የተዘጋጀ ዓምድ የለውም። ዳይናሞ (ለሬቪት ትንንሽ ፕሮግራም የሚሠራበት መሣሪያ) የሚችል ሰው የተገለበጠ መሆን አለመሆኑን ከበሩ ያወጣዋል። እኛ ቢሮ የሚችል የለም። «አከፋፈት» የሚል ፓራሜትር (የመረጃ ሳጥን) ጨምረን በእጅ ነው የምንሞላው፣ ያው በእጅ የተሞላ ነገር መሆኑን እያወቅን፣ አንዱ በሩን ሲገለብጠው ጽሑፉ እንደማይገለበጥ እያወቅን።

በቀደም ለቀጣዩ ሕንፃ ሰንጠረዡን ለጋሼ ወሰድኩላቸው። በፎቅ የተከፋፈለ፣ ግራና ቀኝ የተለየበት። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ሽንት ቤቱን ሁለቴ ደመሩት። «ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ 1ኛ ፎቅ ወጡ። መጀመሪያ የለኩት የመኝታ ቤት በር ነው፤ ሰንጠረዡ 90 ይላል፣ ልስኑ በልቶት 88 ሆኗል። ጆሯቸው ላይ ያለውን እርሳስ አወረዱና እኔ ባመጣሁላቸው ወረቀት ላይ 90ውን ሰርዘው 88 ብለው ጻፉበት።